ጠላ የፈሰሰበት ቀሚስ፦ ከቀሃ ወንዝ እስከ ደባርቅ

ጥር ሲገባ ጎንደር ነጭ ትለብሳለች። ከጥምቀት ሦስት አራት ቀን አስቀድሞ በየግቢው ገመድ ላይ የሚሰጣው ልብስ ሁሉ ነጭ ነው፤ የእናት ቀሚስ፣ የአባት ጋቢ፣ የአያት ነጠላ፣ የልጆች እጀ ጠባብ። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከኋላቸው የሚተመው ሕዝብ ከከፍታ ላይ ለሚያየው የፈነዳ የጥጥ ማሳ ይመስላል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ታዲያ ነጭ ልብስ ባለበት ጠላ አለ፣ ጠጅ አለ፣ ቡና አለ፣ የልጆች ለስላሳ አለ። ጥር የሰርግም ወር ነው። በአንድ ዳስ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው አስቀምጦ ዋንጫና ብርሌ ሲያቀባብሉ የአንዱ ክርን የሌላውን እጅ መግጨቱ አይቀርም።

ስለ ጎንደር ግንብ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ከተማዋንና ከበላይዋ ያለውን ደጋ ላስጎበኛችሁ የፈለግሁት በሌላ በር ነው፦ በልብስና በምንጣፍ ላይ በፈሰሰ መጠጥ በኩል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። የሐበሻ ቀሚስ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ገበያ ወጥቶ የጠየቀ ሰው ግን ቀላል አይለውም፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነማ በገንዘብም አይተካም።

ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ የፋሲል መዋኛ ይገኛል። የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በሚጠለፍ ውሃ ነው። በበዓሉ ሰሞን የወንዙ ዳር የአጣቢዎች ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚመታ ልብስ ድምፅ፣ የሳሙና ሽታ፣ ሣር ላይ የተዘረጋ ነጠላ። አንዲት ወጣት ባለ ሰፊ ጥለት ቀሚስ በክንዷ ላይ አጥፋ ወደ አንዲት ዕድሜያቸው ገፋ ወዳለ እናት ቀረበች።

«እማማ፣ ይሄ ይለቃል ይላሉ?»

«ምንድን ነው የፈሰሰበት፣ ልጄ?»

«እኔ እንጃ። የእናቴ ነው፤ ትናንት ሰርግ ቤት ነው የፈሰሰባት።»

«እንግዲያ እናትሽን ጠይቂያት። ጠላ ከሆነ ሌላ ነው፤ ወተት ያለበት ቡና ከሆነ ሌላ ነው። ሳላውቅ ውሃ አላስነካውም።»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ጠላ ነበር።

እኚህ እናት በሁለት ዓረፍተ ነገር የተናገሩት የእድፍ ማስለቀቅ ጥበብ ግማሹ ነው። አብዛኛው ልብስ የሚበላሸው በፈሰሰበት መጠጥ አይደለም፤ ከፈሰሰ በኋላ በጥድፊያ በሚደረግበት ነገር ነው። አንዱ የፈላ ውሃ ይደፋበታል፣ ሌላው ጨርቁ እስኪላጥ ያሸዋል፣ ሦስተኛው በረኪና ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳድረዋል። ከሦስቱ ክፉው የመጨረሻው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከጠላ እንጀምር፤ በዚህ አገር ዋናው እሱ ነውና። የጎንደር ጠላ ጠቆር ይላል። ቀለሙ የሚመጣው ከተቆላው እህልና ጠቆር ተደርጎ ከሚጋገረው ቂጣ ነው፤ ጌሾው ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። ስለዚህ ልብስ ላይ ሲፈስ ውሃው ብቻ አይደለም የሚወርደው፤ ቀለሙና አተላውም አብረው ይወርዳሉ። ውሃው ይደርቃል፣ እነሱ ይቀራሉ። መጀመሪያ የሚነሳው አተላው ነው፤ በማንኪያ ጠርዝ ቀስ ብሎ እየጠረጉ ማንሳት ነው። ከዚያ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየተጫኑ እርጥበቱን መምጠጥ። መጫን ነው እንጂ ማሸት የለም፤ ያሹት እንደሆነ ቀለሙ ወደ ክሩ እምብርት ይገባል፣ ዙሪያውንም ይሰፋል። ቀጥሎ ልብሱን ገልብጦ ቀዝቃዛ ውሃ በጀርባው በኩል ማፍሰስ ነው። እድፉ በገባበት በኩል እንዲወጣ እንጂ ጨርቁን ሰንጥቆ ወደ ማዶ እንዲያልፍ አንፈልግም።

የተረፈውን ደብዛዛ ቀለም ለማስለቀቅ በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ላርጎና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይበቃል። እድፉ ላይ ብቻ አድርጎ ሩብ ሰዓት ማቆየትና በደንብ ማለቅለቅ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደረቁን የልብስ ሳሙና አንስቶ እድፉ ላይ ይፈትጋል። ለላብ፣ ለቅባት፣ ለአቧራ ደረቅ ሳሙና ደህና ነው፤ ለጠላ፣ ለሻይና ለቡና ግን በመጀመሪያ ባይነካቸው ይሻላል። የእነዚህን መጠጦች ቀለም ከክሩ ጋር ይበልጥ ያጣብቀዋል። ላርጎውም ሆነ ኦሞው ከደረቅ ሳሙና የተለየ ሥሪት ስላላቸው ይህን አያደርጉም።

አንድ ኩባያ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎንደር ውሃ በፈረቃ የምታገኝ ከተማ ናት። ከከተማዋ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው የአንገረብ ወንዝ ተገድቦ ለብዙ ዓመት ሲያጠጣት ቆይቷል፤ ግድቡ በደለል እየተሞላ፣ ሕዝቡ እየበዛ መጥቶ ግን ውሃው አልበቃ ብሏል። ቢጫ ጄሪካን ተሰልፎ የማይታይበት ሰፈር ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ ቤት አንድ የቡና ጠብታ ላስለቅቅ ብሎ ሙሉ ጋቢ ዘፍዝፎ 60 ሊትር መጨረስ ግፍ ነው። እድፉን ብቻ ለይቶ፣ ከሥሩ ሳህን አድርጎ፣ በኩባያ መሥራት ይቻላል፤ ውጤቱም የተሻለ ነው፣ ቀለሙ በሙሉ ልብሱ ላይ አይዘዋወርምና።

ውሃ በበርሜል የምታጠራቅሙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዛገ በርሜል ውሃ ለሻይ፣ ለቡናና ለወይን እድፍ ጠላት ነው። እነዚህ መጠጦች ውስጥ ያለው የሚያጣብቅ ንጥረ ነገር ከብረት ዝገት ጋር ሲገናኝ ወደ ግራጫና ጥቁር ይለወጣል። በድሮ ጊዜ በብዙ አገር የጽሕፈት ቀለም ይዘጋጅ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ቢጫ የነበረ የሻይ ነጠብጣብ ከታጠበ በኋላ ጠቁሮ ቢገኝ ጥፋቱ የሳሙናው ላይሆን ይችላል። ለእድፍ የሚሆነውን ውሃ ከፕላስቲክ ጄሪካን ቅዱ።

ወደ ፒያሳ ስንወጣ መጠጡ ይለወጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጎንደር ላይ ያቆማቸው ሕንፃዎች ዛሬም የመሐል ከተማውን መልክ ይዘዋል፤ ከእነሱ ሥር ያሉት ካፌዎች ደግሞ ማኪያቶ ይቀዳባቸዋል። ጥቁር ቡናና ማኪያቶ ለጠጪው ዘመዳሞች ናቸው፤ ለአጣቢው ግን አይደሉም። ጥቁር ቡና ንጹሕ ነጭ ጥጥ ላይ ከፈሰሰ፣ ጥለት የሌለበት ቦታ ከሆነ፣ ጨርቁን በሳህን አፍ ላይ ወጥሮ በላስቲክ ወይም በክር አስሮ የፈላ ውሃ አንድ ክንድ ከሚያህል ከፍታ ቀስ እያሉ ማፍሰስ እድፉን ይዞት ይወርዳል። ልጆች በአጠገብ አይኑሩ፤ ውሃው ይፈናጠራል። ማኪያቶ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ግን እንቁላል እንደቀቀለ ይቁጠረው። የወተቱ ፕሮቲን በሙቀት ይረጋና ክሩን ይይዛል። ማኪያቶ፣ ወተት ሻይ፣ የሕፃን ወተት፣ እርጎ፣ ሁሉም የሚጀመሩት በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቀጥሎ ላርጎ ለስቡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለብ ያለ ውሃ። በእማማ ቤት ያደጉ ልጆች ይህን ሳይማሩት ያውቁታል፤ የጡት ወተት የነካው ነጠላ በፈላ ውሃ አይታጠብም ነበር።

ጠጅ አታላይ ነው። ሲፈስ ቢጫ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት የጠፋ ይመስላል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ልብሱን ቁም ሳጥን ያስገባዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ለፋሲካ አውጥቶ ሊተኩሰው ሲል ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ ቡናማ ካርታ ይወጣል። ማሩ ነው። ስኳር ሲደርቅ አይታይም፤ በካውያ ሙቀት ግን እንደ ድስት ስኳር ይቃጠላል። ለስላሳና የፍራፍሬ ጭማቂም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ጣፋጭ ነገር የፈሰሰበት ልብስ እድፍ ታየበትም አልታየበትም ያኔውኑ በውሃ መለቅለቅ አለበት፤ ሳይታጠብ ካውያ አይንካው። ቀይ ወይን ላይ ጨው ነስንሶ እርጥበቱን ማስመጠጥ፣ ከዚያ እንደ ጥቁር ቡናው ማድረግ ነው። አረቄ ቀለም የለውም፤ ነገር ግን አልኮሉ ጠንካራ ስለሆነ ጥለት ላይ ከፈሰሰ አንዳንዱን ቀለም ያስለቅቃል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

አሁን ወደ ቀሃ ዳር ልመለስ። እኚያ እናት ጠላውን በቀዝቃዛ ውሃ ካስለቀቁ በኋላ ልብሱን ያሳረፉት በእንዶድ አረፋ ውስጥ ነበር። ዛሬ ኦሞ በየሱቁ ባለበት ጊዜ እንዶድ የሚይዝ ሰው እያነሰ መጥቷል፤ በደጋው ግን አሁንም በየአጥሩ ይበቅላል። ዘለላ ዘለላ የሚያፈራ ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ሲፈለግ ይወቀጥና በውሃ ሲመታ እንደ ሳሙና ያረፋል። ለነጭ የጥጥ ልብስ የተመረጠ ነበር፤ ጋቢና ነጠላን ሳያጠነክር ያጸዳል።

የእንዶድ ነገር ከልብስ አልፎ ዓለምን ያዞረ ታሪክ አለው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ለብልሃርዝያ ጥናት አድዋ ሄደው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ከማጠቢያው ወደ ላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ብልሃርዝያ ወደ ሰው የሚመጣው በቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነ ነገሩን ተከታተሉት፤ የልብስ ማጠቢያው ፍሬ የበሽታውን ተሸካሚ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግኝቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሳይንቲስት ቆም ብሎ ልብስ አጣቢዎችን መመልከቱ ነው።

ይኸው ታሪክ ማስጠንቀቂያም አለበት። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንም ይገድላል፤ ሰውም ቢጠጣው ይመርዘዋል። የተወቀጠ እንዶድ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ፤ የተዘፈዘፈበት ዕቃ ለምግብ አይዋል፤ የታጠበበት ውሃም ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ደረቅ መሬት ይደፋ። ቀሃና አንገረብ ተገናኝተው ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ነው የሚሄደው። ሲወቀጥ ዱቄቱ አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል፤ በነጠላ ጫፍ አፍን ሸፈን ማድረግ ነው።

ከእንዶዱ በኋላ ቀሚሱ ሣር ላይ እርጥብ እንዳለ ተዘረጋ። የቀረ ጥላ ካለ ፀሐይ ይጨርሰዋል። እርጥብ ነጭ ጥጥ በጠራ ፀሐይ መንጣቱ የቆየ እውቀት ነው፤ ሎሚ ጨምቆ፣ ጨው ነስንሶ እድፉ ላይ ማድረግ ይበልጥ ያፈጥነዋል። ጥለቱን ግን ከፀሐይ ለመከላከል በሌላ ጨርቅ ሸፍነውት ነበር። ማድነቅ የሚገባን እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ስለ በረኪና የሰማሁት እዚያው ወንዝ ዳር ነው። አንዲት ሌላ እናት ከሃያ ዓመት በላይ ለልጃቸው ያስቀመጡት የሰርግ ቀሚስ ነበራቸው። ለክርስትና ለብሰውት ጠላ ፈሰሰበት። የቤት ሰው በቅን ልብ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈው፤ አደረ። ጠዋት እድፉ የለም። አረንጓዴው ጥለትም የለም፤ በቦታው ገረጣ ያለ ቢጫ ቀርቷል። ከሁለት እጥበት በኋላ ደግሞ ወገቡ አካባቢ ጨርቁ እንደ ወረቀት ተቀደደ። በረኪና እድፉን ከክር ለይቶ አያውቅም፤ ጥጡንም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ለሱፍና ለሐር ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነው፤ ያቀልጣቸዋል ማለት ይቻላል። ጥለቱ የሳባ ክር ይሁን ጥጥ፣ ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ከውስጥ በኩል ለአንድ ደቂቃ መጫን ነው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያ ቀሚስ መዘፍዘፍ አይወድም፤ በእጅ፣ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚታጠበው።

ለወላጆችና ለአያቶች ግን ከቀሚሱ የሚበልጥ ነገር አለ። በብዙ ቤት በረኪና የሚቀመጠው በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ሕፃን ይህን ከውሃ አይለይም። በረኪና ከመጣበት ዕቃ አይገለበጥ፤ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከኮምጣጤ፣ ከሎሚም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። እዚህ ላይ የጻፍኩትን ኮምጣጤ የምትሞክሩ ሁሉ ያ ልብስ ቀድሞ በረኪና እንዳልነካው አረጋግጡ። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ አታስመልሱት፤ አፉን በውሃ አጉመጥምጣችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ጋቢ የሚሸጡት ጋር ትንሽ መቆም ይገባል። በጎንደር የሽመና ሥራ ረጅም ዘመን ያለው ነው፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ሸማኔዎች በዚህ የታወቁ ነበሩ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ከላይ አንድ ጣት የሚያህል የቡና ጠብታ ብታዩ ከሥሩ ሦስት ሌላ አለ ማለት ነው። የላይኛውን ብቻ አጥቦ ማስጣት ከንቱ ነው፤ ሲደርቅ እርጥበቱ ከውስጠኛው ድርብ ቀለሙን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ «እድፉ ተመልሶ መጣ» የሚባለው ይኸው ነው። በድርቦቹ መካከል ነጭ ጨርቅ አስገብቶ አንድ በአንድ ማስመጠጥ ያስፈልጋል። ጊዜ ይወስዳል። ጋቢ ለብሶ ቡና የሚጠጣ አያት ባለበት ቤት ግን ሥራው ሁልጊዜም አለ።

ይህ የመመለስ ነገር በደጋው ምንጣፍ ላይ ይብሳል። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ደባርቅ። መንገዱ በኮሶዬ ዳር፣ ገደሉን በግራ እያሳየ ይወጣል፤ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን ያልፋል። የወገራ ሜዳ ገብስ ነው፣ ስንዴ ነው፣ በግ ነው። ከጎንደር ሞቃት ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ደባርቅ የገባ ሰው ጋቢውን ፍለጋ ሻንጣውን ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞ ቁልቁል፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሽቅብ ነው።

በዚህ ብርድ አገር የበግ ፀጉር ጌጥ አይደለም። ከእሱ የተሠራው ባና አልጋ ላይ ይለበሳል፣ መደብ ላይ ይነጠፋል፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጥበት እሱ ነው። ማኅበር ሲገባ ጠላው የሚንቆረቆረው፣ አረቄው የሚቀዳው ከእሱ በላይ ነው። በአጠገቡ ደግሞ ከተማ የመጣ የፋብሪካ ምንጣፍ ተነጥፎ ይገኛል። ሁለቱ አንድ ዓይነት አይታጠቡም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካጠራጠረ ከዳር አንድ ክር መዝዞ፣ ከቤት ውጭ፣ በመቆንጠጫ ይዞ በክብሪት ማቃጠል ነው። የበግ ፀጉር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይደቃል። የፋብሪካው ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሆናል።

የፋብሪካው ምንጣፍ ቻይ ነው። ላርጎና ለብ ያለ ውሃ፣ አንዳንዴም ትንሽ ኮምጣጤ፣ ይበቃዋል። የበግ ፀጉሩ ግን ሙቅ ውሃና ፍትጊያ ከተገናኙበት ይሰበሰባል፤ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፣ ዳግመኛም አይፈታም። ጠላ ወይም ቡና ሲፈስበት መጀመሪያ ደረቅ ጨርቅ ጥሎ መርገጥ ነው፤ በጫማ ሳይሆን በካልሲ። ጨርቁ ሲርስ በሌላ መለወጥ። ከዚያ ከእድፉ ዳር ወደ መሐል፣ ፈጽሞ ከመሐል ወደ ዳር ሳይሆን፣ ቀዝቃዛ ውሃ በነካ ጨርቅ እየተጫኑ መምጣት። ላርጎው በጣም ጥቂት ይሁን። ሳሙናው ያልወጣለት ምንጣፍ አቧራ ይስባል፤ ከአንድ ወር በኋላ እድፉ የነበረበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ይታያል፤ ሰውም ጠላው ነው ይላል።

ደባርቅ ላይ ያረፍኩበት ቤት እመቤት ሌላ ዘዴ አሳዩኝ። ምንጣፉን ካስመጠጡ በኋላ ስምንት እጥፍ ያደረጉትን ነጭ ጨርቅ እድፉ ላይ አኑረው የወፍጮ መጅ ጫኑበት፤ አደረ። ጠዋት ሲነሳ ጨርቁ ቢጫ ነበር። ከሥር የቀረው ጠላ ወደ ምንጣፉ አናት መውጣቱን ትቶ ወደ ጨርቁ ወጥቷል። ለጋቢም ይሠራል፤ ለፍራሽም። መጅ የሌለው በላስቲክ የተጠቀለለ ድንጋይ ወይም ውሃ የሞላ ጄሪካን ይጫንበት።

«እትዬ፣ ለምን ሙሉውን አያጥቡትም?» አልኳቸው።

«በሐምሌ?» ብለው ሳቁብኝ። «እስኪ ሰማዩን እይ። ይሄን ካጠብኩት ለመስቀል ነው የሚደርቅ።»

እውነታቸውን ነው። በክረምት ደባርቅ ላይ ጉም ከጠዋት ይወርዳል፤ ፀሐይ ለቀናት ሳትታይ ትሰነብታለች። ውሃ የጠጣ ባና ከራሱ በላይ ይከብዳል፤ ሳይደርቅ የቆየ እንደሆነ ይሻግታል፣ ሽታውም በቀላሉ አይለቅም። እሳት ዳር ማድረቅም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጢሱ ነጩን የበግ ፀጉር ያወይበዋል። ስለዚህ በዝናብ ወራት እድፉን ብቻ፣ በትንሽ ውሃ፣ በብዙ ደረቅ ጨርቅ ነው። ሙሉ እጥበቱ የሚደረገው ከጥቅምት ወዲያ ነፋሱ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ያኔም በድንጋይ አጥር ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይዘረጋል እንጂ በገመድ አይሰቀልም፤ በራሱ ክብደት ይለጠጣልና። ጠዋት አንደኛው ገጹ፣ ከሰዓት ሌላኛው። ግማሽ ሲደርቅ ፀጉሩን በእጅ መዳፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ማስተኛት፤ ሳይደርቅ የተጨማደደ እንደዚያው ይቀራል።

ቡና ሲፈላ እመቤቲቱ ረከቦቱን ከምንጣፉ ጫፍ ሁለት እርምጃ አርቀው አኖሩት። ልጆቹ ሦስተኛው ሲኒ እስኪጠጣ ድረስ በዚያ በኩል አያልፉም።